አንደኛ ተጠባባቂ

ያኔ ሥራ የሚፈለገው በእግር ነበር። ዛሬ ልጄ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች በስልኳ አሥራ አምስት ቦታ ታመለክትና «ደከመኝ» ትለኛለች። እኔ ድካምን የማውቀው በጫማ ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ጫማ ጨርሻለሁ። ሁለተኛውን የሰፈራችን ጫማ ሰፊ አገላብጦ አየና «ይሄ እንኳን ሊጠገን፣ ሊቀበር ነው የሚገባው» ብሎ መለሰልኝ። ቢሆንም ያንን ዓመት በዛሬው ምቾት ለውጪ ብትሉኝ እምቢ ነው የምለው። አባዬ በሕይወት የነበረበት ዓመት ነዋ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከቤታችን ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ቤቱ መካከል የተሸጎጠ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚለካበት ጠባብ ክፍል ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስለነበርን ወሬያችንም ኩርፊያችንም ሌላ መሄጃ አልነበረውም። ኩርፊያው ደግሞ ከሱ ይልቅ የኔ ይበዛ ነበር፤ አልክድም።

የጽሕፈት ሥራ ተምሬ የተመረቅሁት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በነጋታው ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሞኝ ነበርኩ። ክረምት ላይ ኃላፊው እረፍት ወጥቷል፤ ተወካዩ ደግሞ እንኳን ሰው ሊቀጥር እርሳስ ለማስወጣትም ፊርማው ይከብደዋል። እኔ ይህን የት አውቄ። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ስብሰባ ነው። ዓርብ ከሰዓት እሄዳለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት የማገኘው የጽዳት ሠራተኛዋን ብቻ ነው። እሷም መጥረጊያዋን ተደግፋ «አንቺ ልጅ፣ ቀን አታውቂም እንዴ?» ትለኛለች። እንዲህ እየተንከራተትኩ አራት ቦታ ተፈተንኩ። አራቱም ቦታ ስሜ ሳይወጣ ቀረ። ከአራተኛው በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚባል ነገር ሁለተኛ ላላይ ማልኩ።

አምስተኛው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር። ለመዝገብ ቤት አንድ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ዓመቱ ሲጋመስ ተፈተንኩ። ውጤቱ የሚለጠፍበት ቀን ሲደርስ «አልሄድም» ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ። አባዬ ሰርክ የሚሠራበትን መነጽር ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና «አንቺ ከፈራሽ እኔ አይልሻለሁ፤ ሰሌዳ አይናከስም» ብሎ ወጣ።

የተመለሰው ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ቆቡን ሳያወልቅ መሀል ቤት ቆመ።

«አንደኛ» አለ። «አንደኛ ተጠባባቂ ይላል። በዓይኔ በብረቱ አይቼ ነው የመጣሁት።»

ይህ ተጠባባቂ የሚሉት ቃል ጉደኛ ነው። ዋናው ሹም በሌለበት ወንበሩን ይዞ የሚፈርመው ሰው ተጠባባቂ ኃላፊ ይባላል። ፈተናውን አልፎ ቦታ ያልደረሰው፣ «ምናልባት የተመረጠው ሰው ከቀረ» ተብሎ ስሙ በእንጥልጥል የሚያዘውም ተጠባባቂ ይባላል። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሌላው ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። አባዬ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ምክንያቱም የሱቁ የክብር ደንበኛ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ሁለት ሙሉ ልብስ ያሰፋሉ። ሰፈሩም ስማቸውን ትቶ «ተጠባባቂው» እያለ ነው የሚጠራቸው።

«እሳቸው እንኳ በዘጠኝ ዓመታቸው ተራ ተጠባባቂ ናቸው» አለኝ አባዬ። «አንቺ በመጀመሪያው ቀን አንደኛ። ይህንኑ አሁን መንገድ ላይ አግኝቻቸው ነገርኳቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ።»

አፌን ከፈትኩ። መክፈቱንስ ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ከሰሌዳው እስከ ቤታችን ባለው መንገድ ላይ አባዬ ለመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ለፎቶ አንሺው፣ ለጫማ ሰፊው፣ ማተሚያ ቤት ላላት ሴትዮ ሁሉ ተናግሮ ኖሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ቃል ስፈልግ ፎቶ አንሺው «እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ ገባ፤ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ተከተለች።

«ለመሆኑ ሥራ የምትጀምሪው መቼ ነው?» አለ አባዬ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰኞ» አልኩ።

ከየት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በነጋታው ግን አባዬ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግቶ ትከሻዬን ይለካ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ማሽኑ ሲንኳኳ ዋለ፤ እሑድ ከሰዓት ኮቱና ጉርዱ አለቀ። ለብሼው መስተዋት ፊት ስቆም አባዬ መርፌውን ከንፈሩ ላይ እንደያዘ «እናትሽ ባየችሽ» አለ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልንገረው? «ደመወዝሽን ደግሞ ለራስሽ ያዢ፤ አባት ከልጁ ኪራይ አይቀበልም» ብሎ ደመወዝ ከየት አመጣለሁ ከሚለው ጭንቀት እንኳ ገላገለኝ።

የተጠባባቂ ስም የሚጸናው ስድስት ወር ነው። በስድስት ወር ውስጥ ወይ ለቦታው የተመረጠችው ልጅ ትለቃለች፣ ወይ እኔ ሌላ ቦታ አገኛለሁ። አለዚያ አባዬ በሰፈሩ ሁሉ ፊት መሳቂያ መሆኑ ነው። ሥራ ማጣቱን ለምጄዋለሁ። የሱ መሳቂያ መሆን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሰኞ ጠዋት ያንን ልብስ ለብሼ ወጣሁ። እግሬ ሌላ የሚያውቀው ቦታ ስላልነበረ እዚያው መሥሪያ ቤት በር ላይ አደረሰኝ። ዘበኛው በእድሜ የገፉ፣ ካፖርታቸው ከሳቸው የሚሰፋ ሰው ነበሩ።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ሰኞ ጠዋት እዚህ የሚመጣ ወይ ተከሳሽ ነው ወይ ሥራ ፈላጊ። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«ተጠባባቂ ነኝ።»

«ኃላፊ?»

«አይ ጋሼ፤ ደጅ ጠኚው ዓይነት።»

«እኔም ደጅ ጠባቂ ነኝ። እንግዲያው ባልደረቦች ነን» አሉና አግዳሚያቸው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።

ለሥራ ፍለጋ ትምህርት ቤት ቢኖር እኚህ ሰው ዳይሬክተሩ ይሆኑ ነበር። ሠላሳ ዓመት በር ላይ ሲቀመጡ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን መቼ እንደሚወጣ አጥንተውታል። ሰው ሥራ የሚለቀው ደመወዙን ተቀብሎ ነው፤ ስለዚህ በተከፈለ በሦስተኛው ቀን ነይ አሉኝ። ሌላ ቦታ የሚኬደው ማክሰኞና ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው፣ አለቃ ቁርስ በልቶ ምሳ ሳይርበው። በጀት በተከፈተ በመጀመሪያው ሁለት ወር ይጨቃጨቃሉ፣ በሦስተኛው ወር ይቀጥራሉ፤ ያኔ አትጥፊ። ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ጸሐፊዋ ጥላ የማትሄድ ትምህርት ቤት የለም፤ ያኔ በየትምህርት ቤቱ በር እለፊ። ክረምት ላይ ቋሚ ሥራ አትጠይቂ፣ እረፍት የወጣ ሰው ምትክ እሆናለሁ በይ። የዓመቱ አጋማሽ የሞተ ወር ነው፤ ማስረጃሽን አስተካክዪበት፣ እምቢ ያሉሽንም ቤቶች ሰላም እያልሽ ዙሪባቸው። በጀት ሊዘጋ ሲል ግን እግርሽን አታድክሚ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ያኔ የተረፈው በጀት እንዳይመለስ ይሯሯጣሉ። ወንበር ይገዛል እንጂ ሰው አይቀጠርም።»

«እርስዎስ ጋሼ፣ በየትኛው ወር ነው የተቀጠሩት?»

«እኔማ በረዶ በጣለበት ቀን። ሌላ ያመለከተ ሰው አልመጣማ።»

እኔ ታዲያ በተሳሳተው ሰዓት ያንኳኳሁትን በር ሁሉ በትክክለኛው ሰዓት እንደገና ማንኳኳት ጀመርኩ። ማክሰኞና ረቡዕ እዞራለሁ። የደመወዝ ሦስተኛ ቀን ሲደርስ አግዳሚው ላይ እገኛለሁ። የተመረጠችው ልጅ ጤነኛና ታታሪ ነበረች። በበሩ ስታልፍ «እንደምን አደራችሁ» የምትል፣ ጨዋ። አንድ ቀን እያሳላት ስታልፍ ልቤ ተስፋ አደረገ፤ ከዚያ በራሴ አፍሬ የሳል መድኃኒት ነገርኳት።

የቀረውን ሰዓት የማሳልፈው በመቀመጥ ነበር። ሳይጠየቁ የሚቀመጡበት አግዳሚ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባንክ ሩብ ሰዓት ያስቀምጣል፤ ፖስታ ቤት ግማሽ ሰዓት። ፍርድ ቤት ኮሪደር የፈለጋችሁትን ያህል ትቀመጣላችሁ፣ ነገር ግን ሰው ሁሉ ክሱን ይነግራችኋል። ከሁሉ የሚሻለው የሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ነው። እዚያ የተቀመጠን ሰው ማንም ለምን አይለውም። ምሳ ሰዓት የማሳልፈው እዚያ ነበር። ለአባዬ «እዚያው የሠራተኞች ክበብ አለ፣ እበላለሁ» ብዬዋለሁ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ አባዬ «ዛሬስ ምን ፈረምሽ?» ይለኛል። እኔም የሌለ መሥሪያ ቤት እየፈጠርኩ አወራለታለሁ። አንዲት ቀናተኛ የሥራ ባልደረባ ፈጠርኩ፤ መዝገብ የምትደብቅ፣ ቁልፍ የምትሰውር። አባዬ ያቺን ሴት አምርሮ ጠላት። «ያቺ ተንኮለኛ ዛሬስ ምን አደረገች?» ሳይለኝ ማንኪያ አያነሳም። አንድ ቀን እሷን ያመማት አስመስዬ ብነግረው ግን ማንኪያውን አስቀመጠና «እንደው ልጆች አሏት ይሆን?» አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ከሕይወቴ ሁሉ አብዝተው የሚናፍቁኝ እነዚያ የውሸት ምሽቶች ናቸው። አንድ አምፖል፣ ሁለት ሰሃን፣ ጉልበቱ ላይ የተረሳ የመለኪያ ሜትር፣ እና እኔን ብቻ የሚሰማ ሰው። አሁን እውነቱን ብናገር እንኳ እንደዚያ አድርጎ የሚያዳምጠኝ የለም።

ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይባላል። ስድስተኛው ወር ገባ። በጀት የሚዘጋበት ወር ስለነበር በመሥሪያ ቤቱ በር አዳዲስ ወንበር የጫነ መኪና ይገባል፤ ዘበኛው በወንበሮቹ ላይ ዓይናቸውን ጥለው ወደ እኔ ዞር ይሉና «አላልኩሽም?» ይሉኛል። ስሜ ሊሰረዝ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በዚያ ወር የደመወዝ ሦስተኛ ቀን ጠዋት ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ጃንጥላ አልያዝኩም። ረፋድ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። እኔ ፖስታ ቤት ተጠልዬ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ በሩ ሄድኩ። ከሩቅ የዘበኛው ማማ ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጦ አየሁ። አንደኛው ጉልበቶቹ መካከል የታጠፈ ጃንጥላ ይዟል። አባዬ ነው።

የተባባሉትን በኋላ ዘበኛው ነገሩኝ። አባዬ ሱቁን ዘግቶ በዝናብ መጣና «ወንድሜ፣ ተጠባባቂዋን ልጄን ጥራልኝ፤ ጃንጥላ ረስታ ነው የወጣችው» አላቸው።

«ተጠባባቂዋን? እሷንማ ማን የማያውቃት አለ» አሉ ዘበኛው በደስታ። «አረፍ ይበሉ፤ ዛሬ የደመወዝ ሦስተኛ ቀን ስለሆነ መምጣቷ አይቀርም።»

«መምጣቷ? ቢሮዋ እዚህ አይደለም እንዴ?»

«ቢሮ ቢኖራትማ እኔ ጋ ምን ትሠራለች።»

አንዴ ክሩ ከተሳበ በኋላ ስፌቱ በሙሉ ተተረተረ። እኔ ስደርስ ዘበኛው ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። አባዬ ተነሣ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው፣ ጃንጥላውን ዘረጋና ከላዬ ያዘልኝ። ጫማው ውኃ ጠጥቶ ሲራመድ ይጮህ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣ በወደድኩ። ሲቆጣ መመለስ እችልበታለሁ። ሰፈራችን ስንደርስ ቆመ።

«ምሳ የት ነበር የምትበዪው?» አለኝ።

ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

«ክበብ ያልሽው…»

«ክበብ የለም አባዬ።»

«እኮ። ታዲያ የት ነበር የምትበዪው?»

«አንዳንድ ቀን ዳቦ እገዛ ነበር።»

«በሌላውስ ቀን?»

የኮቴን ቁልፍ እፈታና እቆልፍ ጀመርኩ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ ያረፈች ቀንና ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» ስል እሱ በእጅጌው ፊቱን ጠረገና «ነይ» አለኝ። ወደ ቤት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባ።

«እህቴ» አላት ባለቤቷን፣ ገዢዎች ባሉበት። «ያኔ ስለ ልጄ የነገርኩሽ ስህተት ነው። ሰሌዳውን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ አጣምሜ አነበብኩት። ልጄ አልተቀጠረችም፣ ሥራ ፈላጊ ናት። ውሸቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሷ አይደለም አለ። «ሰኞ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያቺ ባለመድኃኒት ቤት ራሷ ቆማ ሰምታኛለች። አባዬ ግን ቀጥ ብሎ ዓይን ዓይኗን እያየ ነው የተናገረው፤ እሷም ወደ እኔ ሳትዞር «ያጋጥማል» አለች።

ከዚያ ፎቶ አንሺው ጋ ገባን፤ ያንኑ ተናገረ። ጫማ ሰፊው ሥራውን ሳያቆም ሰማውና «እኔማ ጫማዋ ነግሮኛል» አለ። «የቢሮ ሰው ጫማ ተረከዙ ነው የሚያልቀው፤ የሷ መሀሉ ተበልቶ ነበር።» አባዬ ይህንንም ሰምቶ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተሻገረ።

የማተሚያ ቤቷ ሴትዮ የቀለም ጨርቅ በእጇ እንደያዘች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ «ወይ ጉድ» አለች። «ባለፈው አራሚ ስንፈልግ ልጅዎ ትዝ ብላኝ ነበር እኮ። ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ወንበር ይዛለች፣ እኛ ጋ ምን ትሠራለች ብዬ ነው የተውኩት። የያዝነው ልጅ ፊደል አይለይም፤ አሰናብተነዋል። ነገ ጠዋት ትምጣና ትሞክር።»

ስድስት ወር ሙሉ ከተማውን በእግሬ ለካሁት፤ ሥራው ከአባዬ ሱቅ አምስተኛው በር ላይ ነበር። ሥራ መፈለጌን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ማን ይንገረኝ? ደግሞ ወሩ ወንበር እንጂ ሰው የማይፈለግበት ወር። በነጋታው ሄጄ ሠርቼ አሳየኋት፤ እዚያው ሃያ ሁለት ዓመት ቆየሁ። አባቴ ቃል አሳስቶ ያነበበልኝ ሴት፣ እንጀራዬ የሌላውን ሰው ስህተት ማረም ሆነ። ዘበኛው ይህን ሲሰሙ ያጠኑትን ሁሉ እንደገና ሊያጠኑ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «አንድ ቀን አይቆጠርም» ብለው ዘጉት።

ያን ቀን ግን ከማተሚያ ቤቱ ስንወጣ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። የቀሩት ተጠባባቂው ብቻ ነበሩ። አባዬ ውጤቱ በወጣ ቀን መንገድ ላይ «ልጄ በአንድ ቀን በለጠችዎ» ካላቸው ወዲህ ሱቁን ረግጠውት አያውቁም፤ ሁለቱን ሙሉ ልብስ ሌላ ቦታ አሰፍተዋል። ሌላ ልብስ ሰፊ የቆረጠውን ኮት ለብሰው በሱቁ ፊት ሲያልፉ አባዬ ከማሽኑ ቀና አይልም ነበር።

«ይበቃል አባዬ» አልኩት እጁን ይዤ። «ሥራው ተገኘ እኮ። እሳቸው ጋ ባንሄድ ምን አለበት?»

«ሰው ፊት ያልኩትን ሰው ፊት ነው የምመልሰው» አለ። «ሥራ እስክታገኚ አይደለም የምዞረው።»

ተጠባባቂው በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ በነጠላ ጫማ፣ ክርኑ በተበላ ሹራብ። ያለ ኮት አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ትንሽ ሰው ናቸው። አባዬ ቆቡን አወለቀ። ዝናቡ በራሱ ላይ ይወርድ ነበር።

«ልጄ ሥራ የላትም፤ የሆነውን በኋላ እነግርዎታለሁ» አላቸው። «የመጣሁት ግን ለሱ አይደለም። መንገድ ላይ ሰው እየሰማ አሳንሼዎታለሁ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው።»

ሰውዬው የሹራባቸውን የተበላ ክርን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ምን አሳነስከኝ» አሉ። «እኔስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መቼ ተሾምኩ። በየወሩ መጀመሪያ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ብዬ መዝገብ ቤት እጠይቃለሁ። ልጆቹ ሲያዩኝ ይሳሳቃሉ።»

ተጠባባቂው በሩን በሰፊው ከፈቱና ጎን ሆነው ቆሙ።

«ግቡ እንጂ፤ ሦስታችንም ደጅ ቆመን ልንቀር ነው?» አሉ።